ሰርቨሯ አምሀን የቀደመች ዕለት

ባሂራ ቡታጅራ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት። የሕመምተኛው መረጃ ሁሉ ያለው ጥግ ላይ በተቀመጠች፣ ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት በምትሠራ ዋና ኮምፒውተር (ሰርቨር) ውስጥ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኗ ትነሳለች፤ የካርድ ፕሮግራሙ ግን እንደተኛ ይቀራል። የሚቀሰቅሰው ቴክኒሻኑ አምሀ ብቻ ነበር።

አምሀም ይህንኑ ስለሚያውቅ ይኮራል። ባጃጅ ካልተላከለት አይመጣም። ሲመጣም፣ "እስቲ ዞር በሉ!" ብሎ አንዲት መስመር ይጽፍና ይሄዳል። እስከዚያ ወረፋው በር ያልፋል፤ ቁጣውን የምትቀበለው ባሂራ ናት።

አንድ ቀን ከመስቃን ገጠር የመጡ ሽማግሌ፣ "ልጄ፣ ይሄ ዕቃ ካልለመኑት አይነሳም እንዴ?" አሏት። ባሂራ መላ ልትፈልግለት ቆረጠች።

የክሊኒኩን ባለቤት ሐጂ አሚኑን አስፈቀደች። በምሳ ሰዓት፣ ከስልኳ እያነበበች፣ "ማሽኑ ሲነሳ ፕሮግራሙም ይነሳ" የሚል አጭር የትዕዛዝ ፋይል ጻፈች፤ ከአናቱም ስሟንና ስልክ ቁጥሯን አሰፈረች። አጥፍታ አበራች፤ ፕሮግራሙ ተነስቶ ወዲያው ወደቀ። ለካ መረጃው የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ሳይነሳ ቀድሞት ነው። "ዳታቤዙን አስቀድም" የምትል መስመር ጨምራ ደግማ አበራች። ሠራ! ለማንም ትንፍሽ አላለች።

ማክሰኞ መብራት ጠፍቶ መጣ። ፕሮግራሙ ራሱ ተነሳ። ባሂራ ግን ስልኳን አንስታ፣ "አምሀ፣ ያው እንደ ልማዷ ናት፤ ድረስልን" አለች። እሱ እስኪደርስ ሰባት ሰው አስተናገደች።

አምሀ ገብቶ፣ "ዞር በሉ!" አለ። ዞር የሚል ሰው ግን የለም።

"ወረፋው የት ሄደ?"

"ገቡ እኮ።"

"በምን ካርድ?"

"በካርዳቸው ነዋ!"

መስመሩን ጻፈ። ፕሮግራሙ ቀድሞ ተነስቶ ነበርና ማሽኗ "ቦታው ተይዟል" አለችው። ደገመ፤ ያንኑ መለሰችለት። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። ባሂራ ሳቋን አፍና አፍና አልቻለችም።

"አንቺ! ምን አደረግሻት?"

ፋይሉን አሳየችው። ሁለቴ አነበበና፣ "ቢወድቅ መልሶ እንዲነሳ አላዘዝሽውም" ብሎ አንድ መስመር ጨመረ። ባሂራም በልቧ 'ለካ ያውቃል' አለች።

በሳምንቱ አምሀ ፋይሉን ገልብጦ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ተከለው፤ የራሱ ፈጠራ እንደሆነም አወራ። ግን ከአናቱ "ባሂራ ጻፈችው" የሚለውንና ስልክ ቁጥሯን ማጥፋት ረስቶ ኖሮ፣ የፋርማሲዋ ባለቤት ናጃህ ደወለች፦ "አሰላሙ አለይኩም፤ ባሂራ ማለት አንቺ ነሽ?"