አጎቴ ያልፈረሙት ውል

ደርግን ሸሽተን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከገባን ጀምሮ አጎቴ የስንቱን ትዳር በሽምግልና ሲያፋቱ አንድም ቀን ወረቀት አልጻፉም። እኔ ስፈታም ልጄ ከእኔ ጋር እንድታድግ ባሌን በመስቀል አስማሉት። ዘግይቼም ቢሆን ፊደል ቆጥሬ ነበርና ውሉን ጽፌ፣ «ጋሼ፣ ይፈርሙልኝ» አልኳቸው።

«ትምህርት ቤት ገባሁ ብለሽ ዳኛ ሆንሽብኝ? እኔ እያለሁ ወረቀት ምን ያደርግልሻል?» ብለው ሳቁ። አፍሬ ተውኩት።

ጋሼ ሞተው አርባቸው ሳይወጣ የልጄ አባት ከከሰላ መጣ። «መቼ ማልኩ? ማን ሰማ?» አለኝ። አብረዋቸው የሸመገሉት ሰውዬ ቀድመዋቸው አርፈዋል። መህከማ ቀርበን ዳኛው ምስክር ሲጠሩ፣ ከጎኔ ያለው አግዳሚ ባዶ ነበር።

ጋሼ፣ ልጄን ቅዳሜ አባቷ ይወስዳታል። ልብሷን አጥቤ አስጥቻለሁ፤ ለምን ሁሉንም እንዳጠብኩት ስትጠይቀኝ ገና ያልደረቀውን ቀሚሷን ገለበጥኩት።