ጋሽ ስኮርታ ከወንበር ሲነሳ

የአውቶቡስ ሹፌሮቹ «ጋሽ ስኮርታ» ያሉት በቦርጩ ነው፤ ትርፍ ጎማውን ከፊቱ ይዞ ይዞራል ብለው። ዕድሜውን መሪ ላይ ተቀምጦ ጨርሷል። ቤት ሲገባ ደግሞ ሶፋው ላይ ዘፍ ይላል፤ ሚስቱ ጫማውን ታወልቅለታለች፣ ውሃውን እጁ ላይ ታደርስለታለች።

ትልቁ አንጀትህ ላይ ካንሰር አለ ሲባል «እሺ» አለ። ጋራዥ ሄዶ ለሹፌሮቹ ነገራቸው። ተቆጣጣሪው፣

«አንተ ደግሞ ምን ትሆናለህ! ሌላው ኦፕራሲዮን ክፍል ባዶውን ይገባል፣ አንተ ስኮርታህን ይዘህ!» አለው።

ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ ፊቱ ብቻ።

ቀዶ ሐኪሟ ግን አልሳቀችም። የሆዱን ሲቲ ስካን ከፍታ በእስክሪብቶ ጫፍ አሳየችው።

«ይሄ ሁሉ ስብ ነው። አንጀትዎን ስለከበበው ሥራችንን ያከብድብናል፤ ቁስሉም ሊያመረቅዝ ይችላል። ይቺ ቀጭኗ ደግሞ የጀርባዎ ጡንቻ ናት። እኔን ያሳሰበችኝ እሷ ናት። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ተነስተው እንዲራመዱ፣ በደንብ እንዲያስሉ አቅም የሚሆንዎ ጡንቻ ነው። ሲያንስ የሳንባ ምች ይመጣል፣ ማገገሙም ይጓተታል።»

«ጭነቱ በዛ፣ ሞተሩ ደከመ ነው የምትይኝ?»

«እንደሱ ይበሉት። እስቲ እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው ይነሱ።»

ሞከረ። ቂጡ ከወንበሩ ትንሽ ለቀቅ አለና ተመለሰ። ሚስቱ ብብቱ ሥር እጇን ልትሰድ ስትል ሐኪሟ ከለከለቻት።

«እትዬ፣ እንዳይረዷቸው። ለቀዶ ጥገናው ሦስት ሳምንት አለን። እርስዎም ክብደት ልቀንስ ብለው እንዳይራቡ፤ ጡንቻውም አብሮ ይሄዳል። እንቁላል፣ ምስር፣ ወተት ይብሉ። ይራመዱ። ከወንበር መነሳቱን ደጋግመው ይለማመዱ። ዋስትና አይሆንም፤ ግን ይጠቅማል።»

ቤት ሲገቡ ሶፋው ወደ ግድግዳ ዞረ። መሀል ቤት የእንጨት ወንበር ተቀመጠ።

«እጄን ምን ላድርገው?» አለች ሚስቱ፣ ሲንገዳገድ እያየች።

«ኪስሽ ክተቺው።»

ከተተችው። የሹራቧ ኪስ በቡጢዋ ተወጠረ።

እሱ አልፈራም፣ አልጓጓምም። ይነሳል፣ ይቀመጣል። ጭኑ ሲንቀጠቀጥ ያ ብቻ ይሰማዋል። ቀጠሮው ሲቃረብ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ እጁን አጣምሮ ቀጥ ብሎ ቆመ። ማንም አላጨበጨበም፤ ምሳው እየቀዘቀዘ ነበር። ቦርጩም እንዳለ ነው።

ዕጢው ወጣ። በማግስቱ ነርሱ መጥቶ «ጋሼ፣ ዛሬ ወንበር ላይ እንቀመጣለን» አለው። የአልጋው ጠርዝ ላይ ሆኖ ቁስሉ እንዳይሳብ ትራስ ሆዱ ላይ አቀፈና ለመነሳት ሞከረ። አልሆነም። ቀና ሲል ሚስቱ ከፊቱ ቆማለች፤ ሁለት እጇ ኪሷ ውስጥ ነው።

«ላውጣው?» አለችው።

«ቆይ።»

ደግሞ ሞከረ። ቆመ። እግሩን እየጎተተ ወንበሩ ጋ ደረሰ፣ ተቀመጠ፣ ትራሱን ጥብቅ አድርጎ ያዘና፣ ሐኪሟ እንዳለችው፣ ከውስጡ ሳለ።

«ጎበዝ» አለ ነርሱ፤ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደ።