የአዋላጇ ገጽ

የሽማግሌው ሚስት ሠላሳ አንድ ዓመት አዋላጅ ነርስ ነበሩ። ባልየው ማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል እየለቀሙ ቃል ሲገጣጥሙ ኖረው ጡረታ ወጡ። ልጅ አልወለዱም። ሚስታቸው ባረፉ በዓመቱ፣ ከመጽሐፍ እያዩ ተምረው፣ ኢንተርኔት ላይ አንዲት ገጽ ሠሩላቸው። በነጭ ጋዋን የተነሡትን ፎቶ ከላይ አደረጉ፤ ከሥሩ "በእጇ የተወለዳችሁ፣ በእጇ የወለዳችሁ፣ እባካችሁ ጻፉልኝ" የሚል የመልእክት ቦታ አበጁ። አድራሻውን በወረቀት አትመው ጤና ጣቢያው በር ላይ ለጠፉ።

ስምንት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ኢሜይላቸውን ከፈቱ። ባዶ።

"ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል" አሉ ለራሳቸው፤ የሚነግሩት ሌላ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ አንዲት ሴት ትኩር ብላ አየቻቸው።

"ጋሼ፣ የሲስተር ባለቤት አይደሉም እንዴ? መንታዎቼን ያዋለዱኝ እኮ እሳቸው ናቸው። ጽፌልዎት ዝም ሲሉኝ ቅር ብሎኝ ነበር።"

"ለእኔ? መቼ?"

"ወረቀቱን ያየሁ ዕለት። 'መልእክትዎ ደርሷል፣ እናመሰግናለን' አለኝ።"

ክው አሉ። ስልክ ቁጥሯን ተቀብለው፣ ዳቦውን ሳይገዙ ቤታቸው ገቡ። ራሳቸው ጽፈው "ላክ" የሚለውን ተጫኑ። "መልእክትዎ ደርሷል" አላቸው። ኢሜይላቸው ላይ ግን የደረሰ ነገር አልነበረም።

ገጹን ወዳስቀመጡበት ድርጅት ደወሉ። ቴክኒሻኗ አየችውና፣

"ጋሼ፣ 'ደርሷል፣ እናመሰግናለን' የሚለውን ገጹ ላይ የጻፉት እርስዎ ነዎት፤ ተቀባይ ኖረም አልኖረም ይወጣል" አለቻቸው። "መልእክት የሚቀበል ፕሮግራም ሰርቨሩ ላይ፣ ገጹ በተቀመጠበት ኮምፒውተር ማለቴ ነው፣ መኖር አለበት። የእርስዎ ገጽ ይታያል እንጂ የሚቀበልለት የለም።"

"ታዲያ እስከዛሬ የጻፉት የት ሄደ?"

"የትም አልሄደም፣ ጋሼ። ከስልካቸው ሳይወጣ እዚያው ጠፍቷል።"

ፕሮግራሙን ጫነችላቸው፤ ገጹን ከእሱ ጋር ማገናኘቱ የእሳቸው ፋንታ ሆነ። እምቢ አለ። "አልተገኘም" ይላል ደጋግሞ። ግማሽ ቀን ለፍተው አገኙት፦ የፕሮግራሙ ስም በትንሹ የላቲን ፊደል ይጀምራል፣ እሳቸው በትልቁ ጽፈውታል፤ ሰርቨሩ ደግሞ ሁለቱን ለይቶ ነው የሚያየው።

"ዕድሜዬን ፊደል ለቅሜ፣ በአንድ ፊደል ልሳሳት!" አሉ ጠረጴዛውን መታ አድርገው።

"ሙከራ" ብለው ላኩ። ገባ። ወዲያው ለመንታዎቹ እናት ደወሉ።

"እባክሽ ልጄ፣ ያንኑ ድገሚልኝ።"

"ወይኔ ጋሼ! እያለቀስኩ ነበር የጻፍኩት፤ አሁን ቃሉ አይመጣልኝም።"

በማግስቱ ግን ጥቂት መስመር ላከች። ምጡ ሲጠናባት ሲስተር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ እጇን ይዘው፣ "ባሌ ቀኑን ሙሉ ቃል ሲገጣጥም ይውላል፤ ቤት ሲገባ ግን ሁለት ቃል እንኳ አይገጥምለትም" ብለው አስቀዋት ነበር።

ሽማግሌው ይህን በሕይወታቸው ሰምተውት አያውቁም። ከት ብለው ሳቁ። ሳቁና፣ የሚነግሩት ሰው ፈልገው ወደ ጓዳው በር ዞር አሉ።

ከሰዓት በኋላ ጤና ጣቢያው በር ላይ ሌላ ወረቀት ለጠፉ፦ "የጻፋችሁልኝ አልደረሰኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው። እባካችሁ ድገሙልኝ።" እስካሁን አራት ሰው ደግሟል። ስንት ሰው ጽፎ እንደነበር ግን አያውቁም።