ያልተጠራ አገር

እኛ ቤት አረብ አገር አንድ አገር ነበር። እህቴ ስትሄድ እናቴ ለጠየቃት ሁሉ «አረብ አገር ሄደች» አለች፤ ጠያቂውም «እሰይ፣ ይቅናት» ብሎ አለፈ። ከነገሌ ሕዝብ ውስጥ «የትኛው አረብ አገር?» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩም፤ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ትታልኝ የምትሄደውን ቀይ ሹራብ እያየሁ ነበር። ደላላዋ ከሞያሌ የመጣች አፈ ማር ሴት ነበረች። እህቴን ጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ከጎኗ አስቀምጣ ወሰደቻት። ሞያሌ፣ ከዚያ ኬንያ፣ ከዚያ በአውሮፕላን፣ ከዚያ አረብ አገር። ከዚያ ወዲያ ዝም። ደላላዋም ዳግመኛ ነገሌን አልረገጠችም።

አባቴ በልጅነቱ ከጉራጌ አገር የመጣ ነጋዴ ነው። ገበያው ዳር ጨው፣ ፋኖስ፣ አቡጀዲና ላስቲክ ጫማ የሚሸጥበት ሱቅ ነበረን፤ ከሱቁ ጀርባ እንኖራለን። ለእሱ አረብ አገር መካ ነበር። «የነቢዩ አገር እኮ ነው፣ ምን ይነካታል?» ይላል። የፖለቲካ አስተማሪያችን ደግሞ ለገንጣዮች መሣሪያ ስለሚያቀብሉ «አድኃሪ የአረብ መንግሥታት» ሲያወራ አረብ አገር አንድ ትልቅ የጥይት መጋዘን ይመስለኝ ነበር። በድንበር ኮንትሮባንድ ለሚያስገቡት ደግሞ አረብ አገር ሽቶና ሻርፕ ነበር። የማንም አረብ አገር ውስጥ ወጥ ቤት፣ ደረጃ፣ የልብስ ማስጫ ገመድ አልነበረም። እህቴ ግን የሄደችው ሰው ቤት ልትሠራ ነው። ልብስ ልታሰጣ ነው።

የአባቴ ሬዲዮ የቆዳ ልባስ ያላት ትንሽ ነገር ነበረች። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ቆርቆሮ ላይ አውጥተን ፀሐይ እናስመታዋለን፤ የነገሌ ፀሐይ ለሌላ ባትጠቅም ለዚህ ትጠቅማለች። ማታ ማታ ከውጭ አገር በአማርኛ የሚያወራ ጣቢያ ነበር። ከተማው ሁሉ ይሰማዋል፣ ከተማው ሁሉ አልሰማም ይላል። አባቴ ሱቁን ሲዘጋ ሬዲዮዋን ጓዳ ከጨው ጆንያዎቹ መሀል ያስቀምጥና «ዝቅ አድርጊው፣ ቀበሌ ጆሮ አለው» ብሎኝ ይወጣል። እኔ ጆሮዬን ለጥፌ እሰማለሁ። አማርኛው ሲያልቅ እንግሊዝኛውን እፈልጋለሁ፤ ግማሹን እሰማለሁ፣ ግማሹን እገምታለሁ። ቤት መቀመጥ የሚባል ነገር አይሆንልኝም፤ እግሬ መሄድ ባይችል ጆሮዬ ይሂድ ብዬ ነው።

እናቴ ለዜና ግድ አልነበራትም። አንድ ማታ ሽሮ ስትነፋ እኔ፣ ምላሴ መቼ ያርፍና፣ «ቤሩትን ደግሞ ደበደቧት» አልኩ።

«ማን ናት እሷ?»

«ከተማ ናት። አረብ አገር።»

ወንፊቱ እጇ ላይ ቆመ። «ልጄ ያለችበት?»

«እኔ ምን አውቄ! አረብ አገር እኮ አንድ አይደለም፣ እማ።»

«ስንት ነው ታዲያ?»

ከትምህርት ቤት የተዋስኩትን ካርታ አምጥቼ ፋኖሱ ሥር ዘረጋሁት። በጣቴ እየሄድኩ ጠራሁላት። ሳዑዲ፣ አንደኛው የመን፣ ሌላኛው የመን፣ ኦማን፣ ኩዌት፣ ኢራቅ፣ ሶሪያ፣ ሊባኖስ፣ እያልኩ እስከ ባሕሩ ማዶ ድረስ። ፈተና የማልፍ ይመስል እየተኩራራሁ ነበር። ቀና ስል እናቴ አላለቀሰችም። ካርታውን የምታየው ልጅ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሌባ አድርጋ ነው።

«ይሄ ሁሉ?» አለች።

አንድ አገር ውስጥ የነበረች ልጇ በዚያች ማታ ከሃያ በላይ አገር ውስጥ ጠፋች።

ከዚያ በኋላ እናቴ የሬዲዮ ሰዓት አያመልጣትም። መግሪብ ሰግዳ፣ መስገጃዋን አጥፋ፣ ጆንያ ላይ ትቀመጣለች። ዜናው የሚያወራው ሁሌ ስለሚቃጠል ነገር ነው። ኤደን ውስጥ ተኩስ አለ ሲል እህቴ ኤደን ናት። ባግዳድ ላይ ሚሳይል ወደቀ ሲል ባግዳድ ናት። መካ ውስጥ ሐጃጆች ሞቱ በተባለ ቀን አባቴም ሳይቀር እራቱን ሳይበላ ተነሳ። አንዲት ልጅ በአንድ ሳምንት ሦስት ከተማ ውስጥ ስትሞት አይቻለሁ። ጣቢያ ስፈልግ ሬዲዮዋ የምታሰማው ፉጨት አለ አይደል? እናቴ እጄን ትይዘኛለች። «ቆይ፣ አታዙሪው። የሆነ ሰው ይጣራል» ትለኛለች። ፉጨት ነው ብላት አታምነኝም። እውነት ለመናገር፣ ብዙ ከሰማሽው ለአንቺም የሆነ ሰው ይጣራል።

እንዲህ ሆና መኖር ስላልቻለች አንድ ዘዴ አመጣች። ዜናው ሲያልቅ ትጠይቀኛለች፦

«ዛሬ ያልተጠራው የትኛው ነው?»

ካርታውን አያለሁ። «ኦማን አልተጠራም።»

«እንግዲያው እዚያ ናት።»

በቃ። ያን ማታ ኦማን ናት፤ ተነስታ ሽሮዋን ትነፋለች። በማግስቱ ኦማን ከተጠራ ወደ ኳታር ታዛውራታለች። ከእሳቱ እየሸሸች፣ በእናቴ እጅ፣ አገር ላገር። የቦረና ሴቶች ወተት ይዘው ሲመጡ «አካም? ናጋ? ኢንታልቲስ ናጋ?» ብለው ስለ ልጅቷ ይጠይቋታል፤ በእነሱ ወግ መጀመሪያ የሚመለሰው ሰላም ነው፣ ሰው ቢሞት እንኳ ሰላም ከተባለ በኋላ ነው የሚነገረው። እናቴ «ናጋ» ትላለች። ከዚያ የሚከተለውን ስለማታውቅ ወተቱን ትሰፍራለች።

ሬዲዮዋን የምትጋራን ጎረቤት ነበረች፤ የሃምሳ አለቃ ሚስት፣ ጎጃሜ። ባሏን ከነገሌ ጦር ሰፈር ወደ ሰሜን ወስደውታል። እሷ የምትጠብቀው የሰሜኑን ጦርነት ነው፣ እናቴ የአረቡን፤ አንዷ ስትሰማ ሌላዋ አታሰማትም።

«እትዬ፣ በማርያም፣ አንቱ ሲተነፍሱ የኔ አመለጠኝ!»

«ያንቺማ ቢያንስ የት እንዳለ ታውቂያለሽ።»

«የት እንዳለ ማወቅ ጥሩ መስሎዎት ነው? ስሙ በዜና የተጠራ ተራራ ላይ እኮ ነው ያለው። አንቱ ልጅዎን ወደፈለጉበት ያሻግራሉ፤ እኔ ባሌን ከየት አባቴ ላሻግረው?»

 እኔ ሳቅኩ። ሁለቱም ተቆጡኝ።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ያለ ሥራ በተቀመጥኩበት ዓመት ኢራቅ ኩዌትን ወረረች፤ የውጭ ጣቢያዎች ሁሉ አረብ አገርን ብቻ ማውራት ጀመሩ። ሪያድ ተጠራች፣ ዳህራን ተጠራች፣ አማን ስደተኛ ሞላት። ኦማን በወደቡ፣ ኳታር በአየር ማረፊያው፣ የመን በተባበሩት መንግሥታት በሰጠው ድምፅ ተጠራ። ነዳጁን፣ መርከቡን፣ የጄኔራሎቹን ማዕረግ ሁሉ ሰማሁ። ሰው ቤት ስለምትሠራ አንዲት የእኛ አገር ልጅ አንድ ቀን አንድ ቃል አልሰማሁም። እናቴ መሸሻ አለቀባት።

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ሁሉም ተጠራ፣ እማ።»

«ፈልጊ።»

ካርታው ጫፍ ላይ፣ ምዕራብ፣ ውቅያኖስ ዳር አንድ አገኘሁ። «ሞሪታኒያ።»

«ሞሪ... እሱ። እንግዲያው እዚያ ናት።»

«እማ፣ በረሃ እኮ ነው! ከዚህ ድረስ ማን ሠራተኛ ያስመጣል?»

«ዝም በይ። ልብስ የማይታጠብበት አገር የለም።»

ክረምቱንም በጋውንም እህቴ ሞሪታኒያ ኖረች። ያን ጊዜ ነው ከአረብ አገር የተመለሰች ሴት ያቤሎ እንዳለች ከአንድ ሹፌር የሰማሁት። እናቴ «ሂጂ» አለች፤ አባቴ «ብቻዋን?» ብሎ ሳይጨርስ እኔ መኪና ላይ ነበርኩ። በአሬሮ በኩል፣ በጭነት መኪና፣ አቧራ እየቃምኩ።

ሴትዮዋ በዕድሜ ከእህቴ ብዙም አትበልጥም። እናቷ ቤት በር ላይ ሻይ ትሸጣለች። የእህቴን ፎቶ አሳየኋት። አየችው፣ ገለበጠችው፣ ደግማ አየችው።

«አላውቃትም፣ የኔ እህት። እኔ ጅዳ ነበርኩ። የሷ የት ነው?»

«አናውቅም።»

አልገረማትም። ስለ ጦርነቱ ጠየቅኳት።

«ምን ጦርነት? እኔ ሳለሁ የእመቤቴ ልጅ ሰርግ ነበር። ወር ሙሉ ሰሃን አጥቤ እጄ ተላጠ። ጦርነትስ እናንተ ጋ ነበር! ቴሌቪዥኑ የኢትዮጵያን ስም ከጠራ የሚያሳየው አጥንቱ የወጣ ሰው ብቻ ነው። ልጆቹ ይጠሩኛል፤ 'ነይ፣ አገርሽ' ይሉኛል። አይቼ አይቼ እናቴ በረሃብ አለቀች ብዬ እያለቀስኩ ኮንትራቴን ጥዬ መጣሁ።» ከበስተኋላዋ በሩን ሞልተው ወደቆሙት ሴትዮ በአገጯ ጠቆመችኝ። «ይኸውልሽ፣ የተራበችው።»

እናቷ ያላግጣሉ። «በናጋ ከምትበላበት ቤት እኔን ልትቀብር መጣች! ገፍተህ አትመልሳት ነገር!»

ሦስታችንም ሳቅን። ነገሌ ለእናቴ የምነግራት ነገር አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ለመሄድ ስነሳ ግን ሴትዮዋ ብርጭቆውን እያለቀለቀች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ያልጠየቅኳትን ነገረችኝ። የሚሠሩባቸው ቤቶች ግንብ ረጅም ነው። ከግንቡ ማዶ የእኛ አገር ልጅ ነበረች፤ አንድ ቀንም ተያይተው አያውቁም። ጠዋት ልብስ ሲያሰጡ ያቺ በአማርኛ «አደርሽ?» ትላለች፣ ይቺ «አደርኩ» ትላለች። በቃ፣ ይኸው ነው ወሬያቸው። አንድ ጠዋት «አደርሽ?» የሚል የለም። በማግስቱም የለም። ይቺ ራሷ «አደርሽ?» ብላ ጮኸች።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምን? ግንብ ነው። ልብሱ ግን ተሰጥቶ ነበር። ሌላ ሰው አሰጣው።»

ነገሌ ስገባ እናቴ ሱቁ ደፍ ላይ ቆማ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ቦረና ሴቶቹ ጠየቀችኝ፦

«ናጋ?»

«ናጋ» አልኳት። ስለ ሰርጉ ነገርኳት፣ ተርባ ስለተለቀሰላት ወፍራም እናት ነገርኳት። ከእህቴ መሄድ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም። «አየሽ?» አለችኝ፣ «አየሽ፣ ዜና እኮ ነው እንጂ ሰው ይኖራል።» ስለ ግንቡ አልነገርኳትም። እስከ ዛሬም አልነገርኳትም። ለእኔ ግን ጠዋት ጠዋት፣ ልብስ ሳሰጣ፣ የሆነ ሰው መልስ የሚጠብቅ ይመስለኛል።

ግንቦት ላይ የእኛ ተራ ደረሰ። ፕሬዚዳንቱ አገር ጥለው መሄዳቸውን የሰማነው ከሬዲዮ ነው፤ ጦር ሰፈሩ መፍረሱን ግን ከመንገዱ። ወታደሩ መለዮውን እየጣለ ወደ ሞያሌ ይጎርፋል፣ የቻለ መኪና ይቀማል፣ የፈራም የጠገበም ይተኩሳል። የሃምሳ አለቃው ሚስት ልጆቿን ይዛ እኛ ጓዳ ገባች። ሬዲዮ የባሏን ወሬ ከሰሜን እስካሁን አላመጣላትም፤ አሁን ግን ስለ እሱም አትጠይቅም። አባቴ የጨው ጆንያዎቹን በሩ ላይ ደረደረ። እኔ፣ መሀላቸው ተቀምጬ፣ እንደ ወትሮው ጣቢያውን ፈለግኩ።

የውጭው ጣቢያ ስለ እኛ ብቻ ያወራ ነበር። እንደ ሌላ አገር ሰው ሆኜ አገሬን ሰማሁ። አዲስ አበባ ተጠራች። አሥመራ፣ አሰብ፣ ሌላም ሌላም። እህቴም የትም ትሁን፣ ከሆነ ወጥ ቤት ውስጥ ሆና፣ ልጆች «ነይ፣ አገርሽ» ብለዋት፣ ይህንኑ እያየች ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ለእሷም እኛ አንድ አገር ነን፤ ሁላችንም አንድ እሳት ውስጥ ነን።

ዜናው አለቀ። እናቴ ካርታውን አልጠየቀችም። ወደ እኔ ጠጋ አለችና፦

«ነገሌን ጠራት?»

«አልጠራም፣ እማ።»

ፊቷ ፈካ። ያ ፊቷ ለኦማን፣ ለኳታር፣ ለሞሪታኒያ የሚፈካው ፊቷ ነበር። «አየሽ፣ እህትሽም ትሰማለች። አልተጠሩም ትላለች። እንግዲያው...»

ያኔ ከሱቁ በር ፊት ለፊት ተኮሱ። ቆርቆሮው ጮኸ፣ አንደኛው ጆንያ ተቀዶ ጨው ወለሉ ላይ መፍሰስ ጀመረ። ልጆቹ አለቀሱ፤ የሃምሳ አለቃው ሚስት አፋቸውን በነጠላዋ አፈነች። አባቴ መሬት ተኝቶ «መብራት! መብራት!» ይላል። ፋኖሱን አጠፋሁት። ከውጭ ሰው በኦሮምኛ ሲለምን ሰማን፣ አሁንም ለመነ፣ ከዚያ አልሰማንም። ሬዲዮዋ ሙዚቃ ታሰማ ነበር፤ የውጭ ሙዚቃ፣ ለስላሳ፣ ከዜና በኋላ የሚያደርጉት ዓይነት።

ያልተጠራ አገር ምን እንደሚመስል አወቅሁ ያኔ። እናቴም ማወቋ በጨለማ ውስጥ ተሰማኝ። እጇ ዳብሶ ዳብሶ ሬዲዮዋን አገኘና ዘጋት። ጨው ሲፈስ ይሰማል።

«እንግዲያው» አለች እናቴ።

ጠበቅኩ። ሁላችንም ጠበቅን። ከዚያ የሚከተለውን አልተናገረችም።