እንዳይነሳ የነፋሁት ጎማ

እኔ ፈሪ ነኝ። ቀድሜ የምናገረው ሌላ ሰው ሳይነግራችሁ ልቅደም ብዬ ነው። ሾፌር ሲባል ክንዱን በመስኮት አውጥቶ የሚያፏጭ፣ ለማንም የማይበገር ሰው ይመስላችሁ ይሆናል። እኔ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም። ከሮቤ ወደ ጎባ ስነዳ ከኋላዬ የወታደር መኪና ብቅ ካለ መሪው በላቤ ይረጥብ ነበር። ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው፤ ላብ የሚያስወጣ ነገር ደግሞ አይጠፋም ነበር።

የምሠራው በመንግሥት የስንዴ እርሻ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ሸዋ ሲሆን ባሌ የመጣሁት ለሥራ ተመድቤ ነው። መንዳት ችዬ ነበር የመጣሁት፤ የባሌን ጭቃ ግን አላውቀውም ነበር። እሱን ያስተማሩኝ የእርሻው አንጋፋ ሾፌር፣ አባቴን የሚያህሉ የሮቤ ሰው ናቸው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ «ኢልማ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

የሮቤን ሜዳ በዝናብ ወቅት ያላየ ሰው ጭቃ አየሁ ብሎ አያውራ። ያ ጥቁር አፈር ውሃ ከጠጣ በኋላ ታች የለውም። ስንዴ የጫነ መኪና እዚያ ላይ ከቆመ ጣጣው መሄዱ ሳይሆን መነሳቱ ነው። አንዴ ከተነሳ እያጓራም ቢሆን ይሄዳል። ካልተነሳ ግን ትራክተር እስኪመጣ ድረስ ከላይ ዝናብ ከታች ጭቃ እየበላህ ትቀመጣለህ።

ጋሼ መነሳትን እንደ ሃይማኖት ነበር የሚያስተምሩት። መጀመሪያ ከኋላ ጎማዎች አየር ይቀነሳል። ጎማው ሲለሰልስ እግሩ ይሰፋል፣ መሬቱንም አቅፎ ይይዛል። ጠንክሮ የተነፋ ጎማ ግን ጭቃውን እየቆፈረ በባዶው ይዞርና ራሱን ይቀብራል። ከዚያ አንደኛ ማርሽ አይነካም፤ መነሳት በሁለተኛ ነው። ፍሪሲዮኑ ቀስ ብሎ ይለቀቅና የሞተሩ ድምፅ ሲወፍር፣ የመኪናው አፍንጫም ትንሽ ቀና ሲል፣ እግር እዚያው ላይ ይቆማል።

«እዚያ ላይ አትቸኩል» ይሉኝ ነበር። «መኪናው ራሱ ልሂድ ይበልህ። አንተ ሂድ ካልከው፣ ዋላሂ፣ ይቀበርብሃል።»

ትምህርቱ ገባኝ። እንዲያውም ሳልፈልገው ስሜ ወጣ። «ያ የሸዋው ልጅ ከየትም ይነሳል» ይባል ጀመር። ያን ጊዜ ስም መውጣት ጥሩ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ሞኝ ነበርኩ።

አንድ ቀን ጠዋት ሾፌሮችን ሁሉ ሰበሰቡንና የአነሳስ ውድድር አለ አሉን። ከየመሥሪያ ቤቱ የመጡ የጭነት መኪኖች ስንዴ እንደጫኑ ሁለት ሁለት እየሆኑ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ነጩ ባንዲራ ሲወርድ ይነሳሉ፤ ቀዩ ባንዲራ ጋ ቀድሞ የደረሰ አሸነፈ። ለሠራተኛው በዓል ማድመቂያ ነው ተባለ። አጨበጨብን።

ማንም ግን ያመነ የለም። በሌላ አውራጃ እንዲህ ያለ ውድድር ተደርጎ ያሸነፉት ሾፌሮች ሳምንት ሳይሞላ ከነመኪናቸው ወደ ሰሜን ጦር ሜዳ መወሰዳቸውን ሁላችንም ሰምተናል። ለምን መነሳት ላይ አተኮሩ ያልን እንደሆነ፣ ሮቤ ሻይ ቤት ያገኘነው አንድ ቁስለኛ ወታደር ነግሮናል። እዚያ ቆሞ መነሳት ያቃተው መኪና ዒላማ ነው። ከነሾፌሩ ይቃጠላል። ወታደሩ ይህን ሲናገር ሻዩን እያማሰለ ነበር፤ እኔ ግን የያዝኩትን ብርጭቆ ማስቀመጥ አቃተኝ።

ባለቤቴ ጎባ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ያኔ አራስ ነበረች፤ ልጃችን ገና ክርስትና አልተነሳም። ቤት ገብቼ ነገሩን ስነግራት ልጁን ከጡቷ ሳታላቅቅ አየችኝ።

«ተሸነፍ በላ» አለችኝ። «ማሸነፍ ነው እንጂ መሸነፍ ምን ያቅታል?»

«መሸነፍም ያቅታል። ጋቢና ውስጥ አጠገቤ ወታደር ይቀመጣል። እሱም ሾፌር ነው አሉ። እግሬን ያያል፣ እጄን ያያል። ሆን ብዬ ካበላሸሁ አሻጥር ነው።»

አሻጥር ስል ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። ግድግዳው ጭቃ፣ ጎረቤቱ ቅርብ ነበር፤ ያቺ ቃል ደግሞ ሰው ትበላለች። ባለቤቴ «ካሸነፍክ እዚያ ትሞትብኛለህ፣ ከለገምክ እዚህ ትሞትብኛለህ» አለችና ፊቷን ወደ ልጁ መለሰች። እንዳታለቅስ እየታገለች እንደሆነ ገባኝ። ምግብ አልቀመስኩም።

ፍርሃት ሰውን ያደነዝዛል ይባላል፤ እኔን ግን ብልጥ አደረገኝ። ወታደሩ እግሬን ያያል፣ እጄን ያያል። ጎማዬ ውስጥ ያለውን አየር ግን አያይም። ጎማዎቹን እስኪጠነክሩ ድረስ ብነፋቸው፣ ከዚያ ጋሼ እንዳስተማሩኝ በወጉ ብነሳ፣ እግሬ ንጹሕ ነው፣ እጄ ንጹሕ ነው። ጎማው ግን ጭቃውን ቆፍሮ በባዶው ይዞራል። ማን ይከሰኛል? ጭቃው ይከሰስ!

ለጋሼ ነገርኳቸው። እሳቸውም ተመዝግበው ነበር፤ ቤት ሙሉ ልጅ አላቸው።

«ተው፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ። «በመዶሻ መታ መታ አድርገው ቢያዳምጡትስ? የጠነከረ ጎማ እኮ ድምፁ ይለያል።»

«ማን ያዳምጠዋል ጋሼ? እርስዎም ቢያደርጉት ነው የሚሻለው። ከወሰዱዎት ልጆቹ እንዴት ይሆናሉ?»

«ፈራሁ» አሉኝ፤ እንዲህ በግልጽ። «እኔ ጎማዬን አልነካም። እንደ ዘወትሬ እነሳለሁ። የቀረውን ረቢ ያውቃል።»

እኝህን የሚያህሉ ሰው ፈራሁ ሲሉ ሰማሁ። ቢሆንም ሐሳቤን አልለወጥኩም። ጋራዥ ገባሁና ጎማዎቹን ነፋኋቸው። ጎሚስታው «ኧረ ይፈነዳብሃል፣ የት ልትሄድ ነው?» ቢለኝ «ወደ ሼክ ሁሴን መንገድ፣ ኮረኮንች ነው» ብዬ ዋሸሁት። በቡጢ ስመታቸው እንደ ከበሮ ጮሁ። ደስ አለኝ፤ ከሰማሁት ወሬ በኋላ የመጀመሪያው ደስታዬ ነበር።

የውድድሩ ዕለት ጠዋት ዝናብ ጣለ። እሰይ አልኩ። ሜዳው ከሮቤ ወደ ጎባ ሲኬድ ከመንገዱ ዳር ነው። ሕዝቡ በቀበሌ በቀበሌው ተጠርቶ ወጥቷል፤ ገበሬው ጋቢውን ተከናንቦ፣ ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ፣ የመንግሥት ሠራተኛው በየመሥሪያ ቤቱ ተሰልፎ። ከተራራው የሚወርደው ነፋስ የመፈክሩን ጨርቅ ያርገበግበዋል። በጤና ሠራተኞቹ መሀል ባለቤቴን ሳያት ደነገጥኩ። ልጁን በጋቢ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛዋለች። አራስ ነኝ ብትላቸው የቀበሌዋ የሴቶች ተጠሪ «አብዮቱ አራስ አያውቅም» ብላ እንዳወጣቻት በኋላ ነገረችኝ።

ጋሼ ከእኔ በፊት ተራ ደረሳቸው። ነጩ ባንዲራ ወረደ። እንደ ወትሯቸው ነበር የተነሱት፤ ፍሪሲዮኑን ሲለቁ፣ አፍንጫው ቀና ሲል፣ ሲጠብቁ ከሩቅ አየኋቸው። እንዲህ አምሮ የተነሳ መኪና ከጥቁሩ አፈር ላይ ዘሎ ይወጣል። ያን ዕለት ግን የኋላ ጎማዎቹ ጭቃው ላይ ተንሸራተቱ። እንደገና ያዝ አደረጉት፤ እንደገና ተንሸራተተ። ከጎናቸው የነበረው መኪና ቀስ ብሎ እየተወላገደ ቀደማቸው።

አልገባኝም። ለስላሳ ጎማ፣ የጋሼ እግር፣ እንዴት? ወርጄ መኪናቸው የተንሸራተተበትን ቦታ አየሁት። ጭቃው እንደ ቆዳ ተገፏል። ከሥሩ ግን ጥቁር አፈር አልነበረም፤ ጠጠር ነው። ለካ ያ ሜዳ በፊት የመንገድ ሠሪዎች ማሽን ማቆሚያ ኖሮ ጠጠር ፈሶበት ተደምድሟል። ላዩ ላይ ያለው ጭቃ ጣት የማይሸፍን ስስ ነገር ነው። እኛ የእርሻ ሾፌሮች ጭቃ ካየን ታች የለውም ብለን ነው የምናስበው፤ ታች ያለው ጭቃ ማናችንም አላሰብንም።

ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠልኝ። ለስላሳው ጎማ እግሩን ዘርግቶ ስሱ ጭቃ ላይ ተንሳፈፈ። ጠንካራ ጎማ ግን ጭቃውን ይሰነጥቀውና ጠጠሩን ይነክሳል። እዚያ ሜዳ ላይ ከተሰለፉት መኪኖች ሁሉ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ጎማ ያለው የእኔ ብቻ ነው።

አየሩን ላስተነፍሰው ብዬ ጎንበስ አልኩ። እጄ ቫልቩ ጋ ሳይደርስ «ጓድ ሾፌር፣ ተራህ ነው፣ ግባ!» የሚል ድምፅ ከላዬ መጣ። አጠገቤ የሚቀመጠው ሃምሳ አለቃ ነበር። ቀና ስል ዓይኑ ጎማዬ ላይ ነው።

«ምን ሆኗል?» አለኝ።

«ምንም። ብሎኑን ላየው ብዬ ነው።»

ጋቢና ገባን። ሃምሳ አለቃው ወደኔ ዞሮ ተቀመጠና እግሬን ተመለከተ። «እኔም ከባድ መኪና ነድቻለሁ» አለኝ ረጋ ብሎ። ያ እርጋታው ከጩኸት ይልቅ አስፈራኝ። በአንደኛ ልነሳ? ያያል። ፍሪሲዮኑን ድንገት ልልቀቀውና ሞተሩ ይጥፋ? ያያል። ከየትም ይነሳል የተባልኩ ሰው ዛሬ ሞተር ቢጠፋብኝ ማን ያምነኛል? ቅድስት ማርያምን ጠራሁ፤ ምን እንደምለምናት ግን ግራ ገባኝ።

ባንዲራው ወረደ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን እኔ አደረግሁት ለማለት ይከብደኛል። የፈራ ሰው የለመደውን ነው የሚያደርገው። ሁለተኛ ማርሽ ገባ። እግሬ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ለቀቀ፣ የሞተሩ ድምፅ ወፈረ፣ አፍንጫው ቀና አለ፣ እግሬም እዚያው ላይ ቆመ። እኔ በልቤ ተንሸራተት፣ በእግዚአብሔር ተንሸራተት እላለሁ። ከኋላዬ ጠጠሩ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ጎማው ነከሰ። መኪናው ያንን ሁሉ ስንዴ ተሸክሞ እንደተቆጣ በሬ ተስፈነጠረ፤ ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ተለጠፈ። በሕይወቴ እንደዚያ ተነስቼ አላውቅም። በመስታወቱ የጎኔን መኪና ስፈልግ ገና ቆሞ ጭቃ ይረጫል። ሃምሳ አለቃው «እሰይ! እሰይ የኔ አንበሳ!» እያለ ትከሻዬን ይመታል። ቀዩ ባንዲራ ጋ ስደርስ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር፤ እሱ የደስታ መሰለው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ይህን ተረት ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ የገባኝ ግን ያን ዕለት ነው።

ጋሼ መጥተው እጄን ጨበጡኝ። መዳናቸው ሽንፈት እንደሆነ ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። «ማል ጎና» አሉኝ፤ ምን እናደርጋለን እንደማለት ነው። በእሳቸው መትረፍ ቀናሁ። እንዲያውም ተናደድኩ፤ ጎማቸውን ለመንካት ስለፈሩ ቀሩ፣ እኔ ስለደፈርኩ ሄድኩ። ሌላ ሰው ላይ ቢደርስ እስቅበት ነበር።

መድረኩ ላይ አወጡኝ። ባለሥልጣኑ ድምፅ ማጉያውን ይዘው የእኔን ዓይነት ሾፌር አገሪቱ እንዴት እንደምትፈልገው ብዙ ተናገሩ። ቀጥለውም «ይህ ጓድ ከነመኪናው ነገ ወደ ሰሜን ይዘምታል!» አሉ። «በጭብጨባ!»

ሜዳው በጭብጨባ ተናወጠ። ያን ጊዜ ያላጨበጨበ እጅ ይታያል፤ ለምን አላጨበጨብክም ተብሎ ይጠየቃል። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ባለቤቴን ፈለግኋት። ልጁን አጠገቧ ላለች ሴት ሰጥታዋለች፤ እጆቿን ባዶ ለማድረግ ነው። የሴቶች ተጠሪዋ ጎኗ ቆማ ታያታለች። ባለቤቴ እኔን እያየች ታጨበጭባለች፤ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፣ እጇ ግን አላቆመም። ተጠሪዋ ከእሷ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሷ ታያለች። የእኔ እጅ ተንጠልጥሎ ቢቀር እኔ ነገ ስሄድ ተጠያቂ ሆና የምትቀረው እሷ እንደሆነች ታወቀኝ። እጄን አነሳሁና እኔም እሷን እያየሁ ባለሥልጣኑ በቃ እስኪሉ ድረስ አጨበጨብኩ።