አንድ እጅጌ እስኪሰፋ

ሾፌሩ ጠዋት ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ግቢው ይወርዳል። ሚኒባሱ ሥር ጎንበስ ብሎ የፈሰሰ ዘይት እንዳለ ያያል፤ የፊት መስታወቱን ጤዛ በጨርቅ ይጠርጋል፤ ገብቶ የእጅ ፍሬኑን ይፈትሽና ቁልፉን ያዞራል። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ያስልና ይነሳል። ከዚያ ነዳጅ ሳይረግጥ ይቀመጣል። «ከእንቅልፉ የተነሳ ሰው ፊቱን ሳይታጠብ አይሮጥም» ይላል።

ያልሞቀ ሞተር ይጮሃል። ሲሞቅ ድምፁ በራሱ ይወርድና ይረጋል። ሾፌሩ ሃያ ሁለት ዓመት ማርሽ ሲያስገባ የኖረው ያንን ሰምቶ ነው። ሙቀት የሚያሳየው ጌጅ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎታል። መካኒኩ ዘይት በቀየረ ቁጥር «ጌጁንም ልቀይርልህ?» ይለዋል፤ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ጆሮ ያለው ሰው ጌጅ ምን ያደርግለታል?»

የሚያመላልሰው አስራ አንድ ተማሪዎች ነው። ትንሿ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የምትቀመጠውም ልክ ከጀርባው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ማሽኗ ግቢውን በሚያየው መስኮት ሥር ስለተቀመጠ፣ ሞተሩ ሲነሳ እሷም ሥራ ትጀምራለች። ሚኒባሱ ከበሩ እስኪወጣ አንድ የሸሚዝ እጅጌ ትጨርሳለች፤ ለዓመታት እንዲሁ ነበር። ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ ግን እጅጌው አልቆም ሚኒባሱ አይወጣም። መጀመሪያ «በስተርጅና እጄ ፈጠነ» ብላ ደስ አላት። ዛሬ ሰኞ ጠዋት ሁለቱንም እጅጌዎች ጨርሳ ኮሌታውን ስትይዝ ሞተሩ እዚያው እየሠራ ነበር።

ከላይኛው ፎቅ፣ ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር መስኮታቸውን ከፈቱ።

«አንተ! ሞተር ነው የምታሞቀው ወይስ ኮፈኑ ላይ እንቁላል ልትጠብስ ነው?»

ሾፌሩ ቀና አላለም።

«ጭራሽ ጆሮ ዳባ ልበስ ትለኛለህ?»

ልብስ ሰፊዋ ማሽኗን አቁማ ወደ ታች አየች። የሞተሩ ድምፅ ከወረደ ቆይቷል፤ እሷ ቤት ውስጥ ሆና ሰምታዋለች። ባሏ ግን መዳፉን መሪው ላይ ዘርግቶ ገና ይጠብቃል።

ክር ትከሻዋ ላይ እንደተንጠለጠለ ወረደች። መስታወቱን አንኳኳች፤ ደነገጠና ከፈተላት።

«ወርዷል እኮ» አለችው።

«ምኑ?»

«ድምፁ ነዋ! ከወረደ ስንት ጊዜው።»

«ዛሬ ብርዱ ጠንክሯል።»

«ብርዱን ተወው። አልሰማህም አይደል?»

ሾፌሩ መዳፉን ከመሪው አላነሳም። «መስማቱንስ እሰማለሁ። ቀጭን ቀጭኑን ነው የማጣው። ሞተሩን አሁን በእጄ ነው የማውቀው፤ መንቀጥቀጡ ሲቀንስ እነሳለሁ።»

«እኔን ምን ብለህ ደበቅከኝ?»

«መንጃ ፈቃዴን ቢነጥቁኝስ? ከመንዳት ሌላ ምን አውቃለሁ?»

ልብስ ሰፊዋ ከጀርባው ያለውን ትንሽ መቀመጫ አየችው። «እሷስ ‹ጋሼ አመመኝ› ብትልህ፣ በእጅህ ነው የምትሰማት?»

ሾፌሩም ዞሮ መቀመጫውን አየው።

«ሐሙስ ዕለት ሦስት ጊዜ ጠርታኛለች» አለ። «ሌሎቹ ‹ጋሼ እየነዳ ተኝቷል› ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።»

ልጆቹ በየበራቸው እየጠበቁ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ዞራ በሌላው በር ገባችና አጠገቡ ተቀመጠች። በዚህ ሚኒባስ ፊት ወንበር ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው።

«ምን ልትሆኚ ነው?»

«ዛሬን እሰማልሃለሁ። ትምህርት ቤት ስንደርስ ደግሞ አንተው በአፍህ ትነግራቸዋለህ።»

«እኔው ራሴ?»

«ታዲያ መምህሩን ልላክልህ?»

መምህሩ አሁንም መስኮታቸው ላይ ናቸው። «ጫጉላ ልትወጡ ነው እንዴ?» ብለው ጮኹ።

«ምን አሉ?» አለ ሾፌሩ።

«በሰላም ግቡ አሉ። ንዳ።»

ሾፌሩ ቀስ ብሎ ወጣ። መንገዱን ሙሉ እሷ «ከኋላ መኪና ጥሩምባ እየነፋ ነው»፣ «ትንሿ መስኮት ዝጉልኝ ትላለች» እያለች ነገረችው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ የመጨረሻው ተማሪ እስኪወርድ ጠበቀ። ከዚያ ኮቱን ቆልፎ ወደ ርእሰ መምህሯ ቢሮ ብቻውን ገባ። ሲወጣ «ሐኪም እስኪያየኝ ልጆቹን እንዳልጭን ተባባልን» አላት። «ጥሩ ሰው ናቸው። ወንበር ሰጡኝ።»

የጆሮ ሐኪም ቀጠሮው የፊታችን ረቡዕ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ተማሪዎቹን የሚያመላልሰው መካኒኩ ነው፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ መሪውን ከመያዙ በፊት፣ ጌጁን ይቀይራል።