እድላዊት የዋጠችው ክኒን

እድላዊት ስታረግዝ አቃቂ ወንዝ ዳር ቆስጣና ሰላጣ ታለማ ነበር። ቦቲ ጫማው ውስጥ እግሯን ስለሚያልባት አውልቃው፣ በባዶ እግሯ ጭቃ ስትረግጥ ትውላለች። አምስተኛ ወሯ ላይ ጉልበቷ ከዳት። ባልዲ ስታነሳ ዓይኗ ይጨልማል፤ ከንፈሯ ነጣ፤ ጭራሽ የግድግዳ አፈር እየፋቀች መቅመስ አማራት።

ጤና ጣቢያ ሄዳ ስትመረመር አዋላጇ ሲስተር ሊዲያ፣ "ከጭቃው በባዶ እግርሽ በኩል ገብቶ ሆድሽ ውስጥ ያለው ትል ደምሽን እየመጠጠው ነው" አለቻትና ከደም ማነስ ክኒኑ ጋር የትል መድኃኒት ሰጠቻት። "የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት አልፈሻል፤ ፅንሱን አይጎዳውም፤ አትፍሪ።"

ቤት ስትደርስ አማቷ ወይዘሮ አማረች መድኃኒቱን አዩት።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የትል ነው፣ እማማ።"

ከእጇ ነጥቀው ጉያቸው ውስጥ ሸጎጡት። "ታናሽ እህቴ እርጉዝ ሆና ኮሶ ጠጥታ ነው የሞተችብኝ! እኔ በቁሜ የልጅ ልጄን አታስወርጂም!"

ባሏ ሁንዴም፣ "እናቴ ያለችሽን ስሚ" ብሎ ጉዳዩን ዘጋው።

በማግስቱ እድላዊት ወደ ጤና ጣቢያው ተመልሳ ሄደች። ሲስተር ሊዲያ ሌላ ክኒን ሰጥታ ውሃ ስትቀዳላት፣ "የለም፤ ተደብቄ አልውጥም" አለቻት እድላዊት።

አማቷና ባሏ ምሳ ላይ ሳሉ ቤት ደረሰች። እንደቆመች ክኒኑን አኝካ ዋጠችና አፏን ከፍታ አሳየቻቸው።

"የእህትዎ ነገር ያሳዝነኛል፣ እማማ። ግን ይሄ ኮሶ አይደለም። እኔን እየገደለኝ ያለው ትሉ ነው። ሆዱም የኔ፣ ደሙም የኔ!"

ሁንዴ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

"ብትመታኝም ምታኝ፤ ክኒኑ ገብቷል!"

ሁንዴ እጁን ሳይታጠብ ወጥቶ ሄደ። ወይዘሮ አማረች ግን ደም ይታይባት ይሆናል ብለው ሽንት ቤት በገባች ቁጥር ደጅ ቆመው ይጠብቋት ጀመር። ምንም አልመጣም። እየዋለ እያደረ ከንፈሯ ቀላ፤ የአፈር አምሮቷም ተዋት። ወሯ ሲገባ ድምፅዋ ሰፈር የሚቀሰቅስ ሴት ልጅ ተገላገለች።

"እግዜር ጠበቀልኝ" አሉ ወይዘሮ አማረች፣ ሕፃኗን ታቅፈው።

"እግዜርም ጠብቋል፤ እኔም ውጫለሁ" አለች እድላዊት።

አማቷ ተሳስቻለሁ አላሉም። እሷም አልጠበቀችም።

የሕፃኗ አንገት ሲጠና፣ ከእድላዊት ጋር አትክልት የምትለቅመው ሰሀር አረገዘችና ያው ድካም ያዛት። ባሏ ሀይረዲን ባለሱቅ ነው፤ ከአትክልቱ ስትመለስ ሱቁን የምትጠብቅለት እሷ ናት፤ የትል መድኃኒት እንዳትነካ ከልክሏታል። እድላዊት ልጇን አዝላ ሱቁ በር ላይ ቆመች።

"ሰሀር፣ ሻርፕሽን ልበሽ። ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።"

"ሱቁን ማን ሊጠብቅ ነው?" አለ ሀይረዲን።

"አንተ ነሃ!" አለችና የሰሀርን እጅ ይዛ ወጣች።